የምንቆምበትን መሬት እንወቅ፤ ስንጠየቅም እንናገር

(በማኅበራችን የ10ኛ ዓመት በዓል ላይ በሕንፃ ኮሚቴው ስም የተደረገ ንግግር)





 ይህን ቀን ለማየት ያልታደሉትን፣ በመካከላችን ሆነው ማኅበሩን ያቋቋሙትንና ዛሬ በሕይወት የሌሉትን ወገኖቻችንን ፈጣሪ ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን።

የሕንፃ ኮሚቴው ወደ መድረክ ሲወጣ ብዙዎቻችሁ ምን እንደምትጠብቁ እናውቃለን። «አዳራሹ መቼ ነው የሚገዛው?» የሚለው ጥያቄ በሰርግም በለቅሶም ላይ ይቀርብልናል። ዛሬም የምንመልሰው ለዚሁ ጥያቄ ነው። ሆኖም መልሱን ከመስጠታችን በፊት ስለ አንድ ያልተለመደ ጉዳይ፣ ማለትም ስለ ተበከለ መሬትና መሬቱ ስለሚጸዳበት ደንብ፣ ከዚያም አልፎ ደንቡ ሲሻሻል ሕዝቡ ስለሚሰጠው አስተያየት ጥቂት ማለት ግድ ሆኖብናል። ለበዓል የማይስማማ ወሬ ነው የምትሉን ካላችሁ አንቀየምም። እኛም ከጥቂት ዓመታት በፊት እንዲሁ እንል ነበርና ነው። (በንግግራችን ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ እንዲህ ነው። በ2024 ከሲያትል በስተደቡብ በኩል አንድ ቦታ አገኘን። መንገድ ዳር ነው፤ የአውቶቡስ መቆሚያ አለው፤ መኪና ማቆሚያውም ሰፊ ነው፤ ዋጋውም ከሌሎቹ ይቀንሳል። ኮሚቴው ተደስቶ ለጠቅላላ ጉባኤ አቀረበ። ጉባኤውም አጨበጨበ። በዚህ መካከል ከኋላ ወንበር አንድ አባታችን እጃቸውን አወጡ። እኚህ ሰው ወደዚህ አገር ከመጡ ጀምሮ ለብዙ ዓመታት በቤንዚን ማደያ ውስጥ የሌሊት ተረኛ ሆነው የሠሩ ናቸው። «ልጆቼ፣ ማዕዘን ላይ ያለ ቦታ ድሮ ምን እንደነበረ ጠይቃችኋል? ከሥሩ የነበረው ታንክስ የት ደረሰ?» አሉን። እውነቱን ለመናገር አንዳንዶቻችን ሳቅን። አልጠየቅንም ነበር።

ከስብሰባው በኋላ ባለሙያ ቀጠርን። ባለሙያው መጀመሪያ አካፋ አላነሣም። ያነሣው የድሮ ካርታ፣ ከአውሮፕላን የተነሡ የቆዩ ፎቶግራፎችና የከተማው የሕንፃ ፈቃድ መዛግብት ነበር። ከእነዚያ ወረቀቶች እንደተረዳነው ቦታው አስቀድሞ ቤንዚን ማደያ፣ ቀጥሎም የልብስ ንጽሕና መስጫ ነበር። ከዚያ በኋላ መሬቱ ተቆፍሮ አፈሩና ከሥር ያለው ውኃ ተመረመረ። የቤንዚን ቅሪትም፣ ለደረቅ እጥበት የሚያገለግለው ፐርክ የሚባለው ኬሚካልም ተገኘ። ፐርክ ወደ መሬት ከሰረገ ለብዙ ዓመታት የማይጠፋ፣ ሲተንም በወለል ስንጥቅ አድርጎ ወደ ቤት ውስጥ የሚገባ ነገር ነው። በዚያ ወለል ላይ የእሑድ የአማርኛ ትምህርት ቤት ልጆቻችንን ልናስቀምጥ ነበር።

ውሉ የምርመራ ቅድመ ሁኔታ ስለነበረበት ቀብዳችን ተመለሰልን። ለምርመራው የከፈልነው ግን አልተመለሰም። እሱም ከሁለት የአዲስ ዓመት በዓል ትኬት ሽያጭ ያጠራቀምነው ገንዘብ ነው። ስለዚህ ወጪ አንዳንድ አባላት እንዳዘኑብን እናውቃለን። ነገር ግን መሬቱን ገዝተን ቢሆን ኖሮ ዕዳው ከመሬቱ ጋር አብሮ ይመጣብን ነበር። ምክንያቱን ላስረዳችሁ ብንል ወደ ሕጉ መግባታችን ነው።

በዋሽንግተን ስቴት የተበከለ መሬት የሚጸዳበት ዋናው ሕግ ከምክር ቤት ብቻ የወጣ አይደለም። በ1988 ዜጎች ፊርማ አሰባስበው ያቀረቡት ሐሳብ ነው። ምክር ቤቱ በበኩሉ ሌላ አማራጭ አዘጋጀ። ሁለቱም በኖቬምበር 1988 ለሕዝብ ድምፅ ቀረቡና መራጩ ሕዝብ ዜጎቹ ያቀረቡትን መረጠ። ሕጉም ከማርች 1989 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። እንግዲህ ሕጉ ገና ሲወለድ የሕዝብ ልጅ ነው ማለት ነው።

የሕጉ ፍሬ ነገር በአጭሩ ሲነገር ይህ ነው። መሬትን የበከለ ሰው ያጸዳል። ከዚህም በላይ፣ ብክለቱን ራሱ ባያደርሰውም የአሁኑ ባለቤት ሊጠየቅ ይችላል። ኃላፊነቱ የጋራም የነጠላም በመሆኑ፣ ከብዙ ተጠያቂዎች አንዱ ብቻ ቢገኝ እንኳ መላውን ወጪ ሊጠየቅ ይችላል። ከመግዛቱ በፊት በቅጡ መርምሮ፣ ምንም ሳያውቅና ሊያውቅ የሚችልበት ምክንያትም ሳይኖረው ለገዛ ሰው ሕጉ መከላከያ ይሰጠዋል። ሳይመረምር የገዛ ግን «አላውቅም ነበር» ቢል አይሰማለትም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለዚህ ነው። ለጽዳቱ ሥራ የሚውለው የመንግሥት ገንዘብ በአብዛኛው የሚገኘው በአደገኛ ኬሚካሎችና በነዳጅ ላይ ከሚጣል ቀረጥ ነው። መኪናችንን ነዳጅ በሞላን ቁጥር እኛም የበኩላችንን እናዋጣለን ማለት ነው።

ከሕጉ በታች ደግሞ ደንቡ አለ። ሕጉ «መሬት ይጽዳ» ይላል። ምን ያህል ይጽዳ? የትኛው ቦታ ይቅደም? ጎረቤቱ መቼና በምን መንገድ ይነገረው? ለእነዚህ መልስ የሚሰጠው በስቴቱ የኢኮሎጂ መሥሪያ ቤት የሚወጣው ደንብ ነው። ለምሳሌ ለመኖሪያ በሚሆን መሬት ላይ በተለመደው የደንቡ ሠንጠረዥ መሠረት በአንድ ሚሊዮን እጅ አፈር ውስጥ የሚፈቀደው የእርሳስ ማዕድን 250፣ የአርሴኒክ መጠን ደግሞ 20 እጅ ነው። እነዚህ ቁጥሮች ከሰማይ የወረዱ አይደሉም። ሰዎች ተሰብስበው የወሰኗቸው ናቸው። ሰዎች የወሰኑትን ደግሞ ሰዎች ሊያሻሽሉት ይችላሉ።

ይህ ደንብ በ2023 በሰፊው ተሻሽሏል። በዚያ ዓመት ከፌብሩዋሪ እስከ ኤፕሪል ረቂቁ ለሕዝብ አስተያየት ክፍት ሆኖ ቆየ። በኦገስት ጸደቀ፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮም ሥራ ላይ ዋለ። ከተለወጡት ነገሮች መካከል፣ የትኛው የተበከለ ቦታ የበለጠ አስጊ እንደሆነ የሚመዘንበት ዘዴ አንዱ ነው። ሌላው ደግሞ ብክለት የተደራረበባቸውንና ለጉዳት የተጋለጡትን ሰፈሮች፣ ማለትም ገቢያቸው አነስተኛ የሆኑትን፣ ቋንቋ የሚያስቸግራቸውንና የመሳሰሉትን በጽዳቱ ሥራ ውስጥ በግልጽ እንዲታሰቡ የሚያደርገው ክፍል ነው። ወገኖቻችን፣ ይህ አንቀጽ ስለማን እንደሚናገር መገመት አያዳግትም። ስለ እኛ ነው።

ታዲያ እኛ በዚያን ጊዜ ምን አልን? ምንም አላልንም። የአዳራሹ ግዥ ከፈረሰ በኋላ የማኅበሩን ፋይል ስናገላብጥ በ2023 ስለዚሁ ጉዳይ የደረሰንን ማስታወቂያ አገኘነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። አርዕስቱም ረጅም ነው። እኛም «አይመለከተንም» ብለን ከስልክ ሂሳብ ጋር አንድ ላይ አስቀምጠነዋል። ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ፋይሉን ያስቀመጥነው እኛው ነን። ለምን እንዲህ እንዳደረግን ግን ራሳችንን ጠይቀናል።

አንዱ ምክንያት ልማድ ይመስለናል። አዲስ አበባ ያደግን ሰዎች የአቃቂን ወንዝ እናውቀዋለን። ከፋብሪካ የሚወጣው ፍሳሽ ቀለሙን ሲለውጠው፣ ሽታው ሲያስቸግር፣ በዚያው ውኃ የበቀለው ሰላጣና ጎመን ገበያ ሲወጣ አይተናል። ነገር ግን «ስለዚህ ወንዝ ምን ታስባላችሁ?» ብሎ በራችንን ያንኳኳ ሰው አናስታውስም። ያልተጠየቀ ሰው መናገርን አይለምድም። ዝምታን እንደ ጨዋነት፣ እንደ ጥንቃቄም ቆጥረን ይዘነው መጥተናል። እዚህ አገር ግን በአስተያየት መስጫው ጊዜ ዝም ያለ ሰው ጨዋ ተብሎ አይመዘገብም። ጭራሹን አይመዘገብም።

ሁለተኛው ምክንያት ጉዳዩ የሌላ ሰው ጉዳይ ስለመሰለን ነው። እስቲ የሌላ ሰው ጉዳይ መሆን አለመሆኑን በሁለት ቦታዎች ምሳሌ እንመልከት።

የመጀመሪያው የታኮማ ጉዳይ ነው። በታኮማ አጠገብ ረስተን በምትባል ትንሽ ከተማ የአሳርኮ ኩባንያ የማዕድን ማቅለጫ ለአንድ መቶ ዓመት ያህል ሲሠራ ቆይቶ በ1980ዎቹ አጋማሽ ተዘጋ። ከረጅሙ ጭስ ማውጫ የወጣው አርሴኒክና የእርሳስ ማዕድን በነፋስ ተወስዶ ከ1,000 ስኩዌር ማይል በላይ በሆነ መሬት ላይ አረፈ። ይህ ስፋት የፒርስን ብቻ ሳይሆን የደቡብ ኪንግ ካውንቲንም ክፍል ይነካል። ጭስ ማውጫው በ1993 ፈርሷል። አፈሩ ላይ ያረፈው ግን አልተነሣም። በ2009 ከኩባንያው የኪሣራ ጉዳይ ስቴቱ ለዚሁ ብክለት 94 ሚሊዮን ዶላር ያህል አግኝቶ የትምህርት ቤቶችን፣ የሕፃናት መዋያዎችንና የቤት ጓሮዎችን አፈር ማስመርመርና መለወጥ ላይ አውሎታል። እኛ በዚያ አካባቢ ቤት የገዛን ሰዎች በጓሮአችን ጎመን፣ ቃሪያና በሶብላ እንተክላለን። ልጆቻችን በአፈሩ ይጫወታሉ። ከመካከላችን አፈሩን ያስመረመረ ስንት ሰው አለ?

ሁለተኛው በሲያትል መሐል የሚያልፈው የዱዋሚሽ ወንዝ ነው። የወንዙ ታችኛ ክፍል፣ አምስት ማይል ያህል የሚሆነው፣ በ2001 የአገሪቱ እጅግ የተበከሉ ቦታዎች በሚመዘገቡበት የፌዴራል ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ከሥሩ ባለው ደለል ውስጥ ፒሲቢ የሚባለው ኬሚካል፣ አርሴኒክና ሌሎችም አሉ። የጤና ባለሥልጣኖች ምክር ግልጽ ነው፤ በዚያው ወንዝ ውስጥ የሚኖረውን ዓሣ፣ ሸርጣንና ዛጎል ለበስ እንስሳ አትብሉ፤ ሳልሞን ግን በዚያ የሚያልፍ መንገደኛ እንጂ ነዋሪ ስላልሆነ የተሻለ ነው ይላል። በጾም ወራት ዓሣ የሚበላው ወገናችን፣ ወይም ቅዳሜ ቅዳሜ መንጠቆ ይዞ የሚወጣው ጎረምሳችን ይህን ሊያውቅ ይገባዋል።

በዱዋሚሽ ጉዳይ ግን የምናወሳው መጥፎውን ብቻ አይደለም። በ2013 የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ወንዙ የሚጸዳበትን ዕቅድ አውጥቶ ለሕዝብ አቀረበ። ዕቅዱ 84 ኤከር ተቆፍሮ እንዲወጣ፣ ጠቅላላ ወጪውም 305 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንዲሆን የሚል ነበር። ሕዝቡ ተነሣ። የደቡብ ፓርክና የጆርጅታውን ነዋሪዎች፣ የአካባቢው ነባር ሕዝቦች፣ ዓሣ አጥማጆች፣ የንግድ ድርጅቶች፣ ከሩቅ የመጡ ስደተኞችም ጻፉ፤ በስብሰባም ተናገሩ። ከ2,300 በላይ አስተያየት በልዩ ልዩ ቋንቋ ተሰበሰበ። በኖቬምበር 2014 የመጨረሻው ውሳኔ ሲወጣ የሚቆፈረው ስፍራ 105 ኤከር ደረሰ። ወጪውም 342 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሆነ። ሁሉም የጠየቀውን አላገኘም። ከዚያ በላይ የፈለጉ ነበሩ፤ ከዚያ ያነሰ የፈለጉም ነበሩ። ይሁን እንጂ በመጀመሪያው ወረቀትና በመጨረሻው ወረቀት መካከል የ21 ኤከር ልዩነት አለ። «ብንናገር ምን ይለወጣል?» ለምትሉን መልሳችን ይኸው ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። ይህን ጉዳይ ለአባላት ስናቀርብ በመካከላችን ክርክር ተነሥቶ ነበር። ክርክሩን ለመሸፋፈን አንፈልግም። የቤንዚን ማደያ ያለው አንድ ወንድማችን «ደንቡ በጠበቀ ቁጥር የምንከስረው እኛ ነን። ሃያ ዓመት የለፋሁበትን ንግድ፣ እኔ ሳልመጣ በፊት የፈሰሰ ነዳጅ ይውሰድብኝ?» አለን። በዚያው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠች፣ በተከራየችው አፓርታማ ሦስት ልጆች የምታሳድግ እኅታችን ደግሞ «ደንቡ በላላ ቁጥር የሚታመሙት የእኔ ልጆች ናቸው። አንተ ሱቅህን ዘግተህ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ፤ እኛ ግን እዚያው ነው የምናድረው» ብላ መለሰችለት። ሁለቱም ከአንድ እድር ናቸው። ሁለቱም እውነት ተናገሩ።

ኮሚቴው ይህን ካዳመጠ በኋላ አንድ ነገር ተረዳ። ሁሉን ለማስማማት ተብሎ ቁም ነገር የሌለው ደብዳቤ በማኅበሩ ማኅተም ከመላክ፣ ሁለቱም የየራሳቸውን ቢጽፉ ይሻላል። ወንድማችን ሊጠይቅ የሚገባው «አታጽዱ» ብሎ አይደለም። ለትንንሽ ነጋዴዎች በቂ ጊዜ ይሰጠን፣ መመሪያው በሚገባን ቋንቋ ይጻፍልን፣ ብድርና እርዳታው በቀላሉ ይድረሰን ማለት ይችላል። ለነዳጅ ታንክ ባለቤቶች ብድርና እርዳታ የሚሰጥ የስቴት መሥሪያ ቤት እንዳለም ብዙዎቻችን አናውቅም ነበር። እኅታችን ደግሞ በቤቴ አጠገብ ቁፋሮ ሲደረግ በአማርኛ ይነገረኝ፣ የሚፈቀደው መጠን ሲወሰን በአፈር ላይ የሚጫወት ሕፃን ይታሰብ፣ የቤት ውስጥ አየርም ይመርመር ልትል ትችላለች። ሁለቱን ደብዳቤዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ላነበበ ሰው፣ ተቃራኒ ሳይሆኑ አንዱ የሌላውን ጉድለት የሚሞሉ ሆነው ይታዩታል። መሥሪያ ቤቱ ማስታረቅ የሚችለው ግን ሁለቱም ሲደርሱት ነው።

ጉዳዩ ገና አላበቃም። በ2023 የተሻሻለው በአመዛኙ የአሠራሩ ክፍል ነው። ቀደም ብለን የጠቀስናቸው ቁጥሮች፣ ማለትም ምን ያህል እርሳስ፣ ምን ያህል አርሴኒክ፣ ምን ያህል ፐርክ ይፈቀዳል የሚለው፣ ለሚቀጥለው ዙር የተተወ ነው። በመሆኑም የሚቀጥለው ማስታወቂያ ሲመጣ ከስልክ ሂሳብ ጋር እንዳይቀመጥ ከወዲሁ መዘጋጀት አለብን። አስተያየት ስለ መስጠት የተማርነውን በአጭሩ እናካፍላችሁ።

አንደኛ፣ አስተያየት መስጠት ድምፅ መስጠት አይደለም። ዜግነት አይጠይቅም። የሚቆጠረውም የፊርማው ብዛት ብቻ አይደለም። አንድ ሰው በምክንያት የጻፈው ደብዳቤ፣ አንድ ዓይነት ቃል ከተጻፈባቸው መቶ ወረቀቶች የበለጠ ሊመዝን ይችላል።

ሁለተኛ፣ ደንብ የሚያወጣው መሥሪያ ቤት ለደረሰው አስተያየት በጽሑፍ መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት። የተቀበለውን ለምን እንደተቀበለ፣ ያልተቀበለውንም ለምን እንዳልተቀበለ ማስረዳት አለበት። የጻፍነው ነገር በመዝገብ ላይ ይቀራል። ነገ ጠበቃም ጋዜጠኛም ሊያየው ይችላል።

ሦስተኛ፣ በአንድ በተወሰነ ቦታ ላይ የጽዳት ዕቅድ ሲወጣ ለአስተያየት ቢያንስ 30 ቀን ይሰጣል። በዚያ ጊዜ ውስጥ አሥር ሰዎች ከጠየቁ ሕዝባዊ ስብሰባ ይደረጋል። አሥር ሰው ብቻ! በዚህ አዳራሽ ውስጥ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቡና የምንጠጣው ከአሥር አናንስም። መሥሪያ ቤቱ በየሁለት ሳምንቱ የቦታዎቹን ዜና የያዘ ጽሑፍ ያወጣል። ያንን አንድ ሰው ቢያነብልን ለሁላችን ይበቃል።

አራተኛ፣ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል መሥሪያ ቤት፣ በ1964 በወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት፣ እንግሊዝኛ የማይችለውን ሰው በቋንቋው ምክንያት ከአገልግሎቱ ሊያገልለው አይገባም። በአማርኛ መጻፍ የሚቀልለው በአማርኛ ይጻፍ።

አምስተኛ፣ የምናውቀውን እንጻፍ። «መሬታችንን አጽዱልን» ብሎ መጻፍ ጥሩ ነው፤ ግን ብዙ አይረዳም። «በዚህ መንገድ ላይ ያለው አጥር ወድቋል፤ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በዚያ ያቋርጣሉ፤ የተለጠፈው ማስጠንቀቂያ በእንግሊዝኛ ብቻ ነው» ብሎ መጻፍ ግን ባለሙያው በቢሮው ተቀምጦ የማያውቀውን መንገር ነው። ስለ አፈር ኬሚስትሪ እነሱ ያውቃሉ። ማን የት እንደሚጫወት፣ ምን እንደሚተክልና ምን እንደሚበላ የምናውቀው እኛ ነን። ያ አባታችን ስለ ታንኩ የጠየቁት መሐንዲስ ስለሆኑ አልነበረም። ሲቀዳም ሲፈስም በዓይናቸው ያዩ ሰው ስለሆኑ ነው።

የተከበራችሁ ወገኖች፣

ከዚህ በመነሣት ኮሚቴው ለማኅበሩ ሦስት ነገሮች ያቀርባል። በመጀመሪያ፣ ሦስት አባላት ያሉት አንድ ንዑስ ኮሚቴ ይቋቋም። ሥራውም ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚመጡ ማስታወቂያዎችን እያነበበ በአማርኛ አሳጥሮ ለአባላት ማሰማት ይሁን። እንግሊዝኛውን የሚችሉት ልጆቻችንና ነገሩን የሚያውቁት አዛውንቶቻችን አብረው ቢቀመጡበት ደስ ይለናል። ቀጥሎም፣ በደቡብ ኪንግና በፒርስ ጓሮ ያላችሁ አባላት አፈራችሁን እንድታስመረምሩ እንለምናለን። እስከዚያው ጫማን በር ላይ ማውለቅ፣ አትክልትን በደንብ ማጠብና ልጆችን ከጨዋታ በኋላ እጅ ማስታጠብ ብዙ ይረዳል። ይህ ለእኛ አዲስ ትምህርት አይደለም፤ እናቶቻችን ያስለመዱን ነው። በመጨረሻም፣ ማኅበሩም ሆነ ማንኛውም አባል መሬት ወይም ንግድ ቤት ሲገዛ ቦታው ቀድሞ ምን እንደነበረ ሳያጣራ እንዳይፈርም አደራ እንላለን።

አሁን የመጀመሪያውን ጥያቄ እንመልስ። አዳራሹ መቼ ነው የሚገዛው? ኮሚቴው ሌላ ቦታ እያየ ነው። ዋጋው ከፊተኛው ይበልጣል። መኪና ማቆሚያውም ይጠብባል። የድሮ ካርታውን ግን ከዋጋው በፊት አይተነዋል። መጠነ ሰፊ ፓርቲ የሚያስደግስ ላይሆን ይችላል፤ ነገር ግን ልጆቻችንን ወለሉ ላይ ስናስቀምጥ ልባችን የማይሰጋበት ቦታ እንዲሆን እንጥራለን። የምርመራው ውጤት ሲመጣ፣ ጥሩም ይሁን መጥፎ፣ ሙሉውን ለጉባኤው እናነባለን። ያኔ ደግሞ ከኋላ ወንበር እጅ ሲወጣ አንስቅም።

ከአሥር ዓመት በፊት ይህን ማኅበር ያቋቋሙት ሰዎች ያሰቡት የሞተ ለመቅበር፣ ያዘነ ለማጽናናት፣ አዲስ የመጣ ለመቀበል ነበር። ለዚህ ሁሉ ድር አብሮ አንበሳ እንደሚያስር አሳይተውናል። የሚቀጥለው አሥር ዓመት ደግሞ የምንኖርበት አገር «ምን ትላላችሁ?» ብሎ ሲጠይቀን መልስ የምንሰጥበት ይሁንልን። እንግዳ ነን ስንል ብዙ ዓመት ቆይተናል። ልጆቻችን ግን በዚህ አፈር ላይ ተወልደዋል። አፈሩም የእነሱ ነውና ስለ አፈሩ መናገር የእኛ ግዴታ ነው።

 ፈጣሪ ለከርሞው በራሳችን አዳራሽ ያገናኘን።